ስምንት ምልልስ

ሰኞ ገበያ ዳር፣ አንድ ሰው ሲገባ በምትሞላው ሱቄ፣
ፊልም ላይ አትሜ፣ ካናቴራ ላይ በእሳት አጣብቄ
እኖራለሁ። ጧት በሩን ስከፍት ቀድሞኝ የሚገባው
የጦሳ ጉም ነው፤ ዋጋ ሳይጠይቅ ዱቄቴን የሚያረጥበው።

ትናንት አሥር ሰዓት ላይ አቶ ሙሄ ይማም ገቡ፣
ሰላምታው በወጉ ሳያልቅ ስልክ ከኪሳቸው ሳቡ።
«ይኸ ነው ልጄ። ሷሊህ። ነገ ጓደኞቹ ሆጤ ሜዳ ይጫወታሉ፤
ከነፊቱ ካልለበስነው ሜዳ አንገባም ብለው ምለዋል አሉ።
ሃያ ሁለት ካናቴራ። ጥቁር። ፍጠኝልኝ።»

ምስሉን አየሁት፤ በቴሌግራም ሲዞር፣ ሲዞር የኮሰመነ፣
ሲለጥጡት ዓይንና ቅንድቡ አንድ የሆነ።
«ኮምፒዩተሬ አርጅቷል» አልኩ፣ «ይኸን አስፍቶ፣ ቀለሙን ለይቶ
እስኪያቀብለኝ ሰው ይመለሳል፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ገብቶ።»
ኮምቦልቻ ስል ፊታቸው ጠቆረ። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

«ማሽን አይደለም እንዴ?»
                    «ማሽንም እንደ በቅሎ ነው፤
አለንጋው ሳይሆን ጭነቱ ነው እርምጃውን የሚለካው።
በአራት ምልልስ ላትመው? ከእራት በፊት ያልቃል፤
ግን ጉንጩ ላይ መስመር ይወጣል፣ እንደ እርሻ ይተለማል።
በስምንት ከሄደ ቆዳው ቆዳ ይሆናል፣ ሌሊቱን ግን ይበላል።
ደግሞ ጥቁር ጨርቅ ላይ ፊት ያለ ነጭ አይቆምም፤
ነጩ ከባድ ነው፣ ይዘቅጣል፣ እንደሌላው ቀለም አይሮጥም።
መብራት ጠፍቶ ካደረማ አፍንጫውን ይደፍንና
ሄዱን ሳጥብ ነው የምውለው፣ አንድም ሳላትም ገና።»

ዝም አሉ። መንገዱን፣ ባጃጆቹን አዩ።
«ሐረጎ ላይም እኮ እንዲሁ ነው የሆነው።
ቶሎ እንድረስ ብሎ ነው ሹፌሩ፣
ጉሙን በፍሬን ፈንታ በጥሩምባ ሊያልፈው።
ልጄ ሩጫ ይወድ ነበር፤ መስመሩን ይዞ ከወጣ ማንም አይደርስበትም።
አሁን ግን፣ እናቴ፣ አታስሩጪው።»

ስምንት አደረግኩት።

ማሽኑ ሄደ፣ መጣ። ሄደ፣ መጣ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣
ሲሄድ ቀለም እየጣለ፣ ሲመለስ ባዶውን ለብቻ።
ዱካዋን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ቤት ይሂዱ ብል እምቢ አሉ።
የክር ያህል ግንባር ወጣ፤ ነጩ ተከትሎ ሸፈነው።
የክር ያህል ቅንድብ ወጣ፤ ነጩ ተከትሎ ሸፈነው።
«ከፈንሽው» አሉኝ፣ ድምፃቸው ከማሽኑ አንሶ።
«አብሽሩ» አልኩ፣ ሌላ ቃል ከጉሮሮዬ ደርቆ አንሶ፣
«ከሥር አለ። ተገልብጦ ነው የሚታተመው።»

ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ከነዘሃራ ጀነሬተር ገመድ ሳብን።
ዱቄቱ በጉሙ ተጓጉሎ ሁለት ፊልም ጣልን።
(ጣልን እላለሁ፤ ያኔ አብረው ይነሰንሱ፣ ያራግፉ ነበር፤
እጃቸው የጤፍ ነጋዴ እጅ ነው፣ ማበጠር አይቸግር።)
ምድጃው ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፤ ማሽኑ ቢከንፍ እንኳ
እሱ ዱቄቱ እስኪያብረቀርቅ ከቦታው ፈቀቅ አይል፣ ለማንም አያጎነብስ።

የአዛን ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያዋን ካናቴራ ተኮስኩ።
አቶ ሙሄ እጃቸውን ዘረጉ። ያዝኳቸው።
«ሳይበርድ አይላጥም። ትኩሱን ከሳቡት
ፊቱ ከፊልሙ ጋር ይነሳል።»

መዳፋቸውን ደረቱ ላይ አስቀመጡ።
ውጭ ጉሙ ከፎቆቹ ወገብ ላይ ተነሳ፣
የኮምቦልቻ ሚኒባሶች መጥራት ጀመሩ፣
እኔ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን ተኮስኩ፣ ላጥኩ፣ አጠፍኩ።
የእሳቸዋ እዚያው አለች።

«በርዷል እኮ» አልኩ።

«ገና ነው» አሉ። «ይሞቃል።»